ብረት የበሉት ዛፎች

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ልጠይቅ» ብሎ ነው የሚጠራው። እናታችን ያወጣችለትን ስም ከእኔና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ቅጽል ስሙን ያተረፈው በሥራው ነው፤ ዛፍ ቆራጭ ነው። ሌላው ቆራጭ የሞተር መጋዙን ተሸክሞ ግቢ ሲገባ ገመዱን ስቦ ሞተሩን ያስነሳል። የእኔ ወንድም መጋዙን መሬት ላይ ያስቀምጥና «ቆዩ፣ እስቲ ልጠይቅ» ይላል። ከዚያ በግራ ያለውን ጎረቤት፣ በቀኝ ያለውን፣ ከኋላ ያለውን እየዞረ በር ያንኳኳል። ዛፉ የማን ነው? ድንበሩ የት ጋ ነው? የሚከራከር ሰው አለ ወይ? አዋሳኞቹ ሁሉ አፋቸውን ሞልተው ካልመለሱለት ያንን ገመድ በጣቱ አይነካውም። ጫኞቹ ጥላ ፈልገው ይጋደማሉ፣ ደላላው ሰዓቱን ያያል፣ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል።

ይህን የሚያደርገው ፈሪ ስለሆነ አይደለም። በእንጨት ሥራ ውስጥ አጭበርባሪ ጠፍቶ አያውቅም። የጎረቤቱን ዛፍ የራሱ አስመስሎ የሚሸጥ አለ፤ ወንድሙ መንገድ ሲሄድ ጠብቆ የወንድሙን ድርሻ የሚያስቆርጥ አለ፤ የመንግሥት ደን ውስጥ ሰው አስገብቶ «ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ ነው» የሚል ደላላም አለ። ነገሩ ሲፈነዳ ሻጩ ይሰወራል፣ ደላላው ስልኩን ያጠፋል፣ ጉቶው አጠገብ መጋዝ እንደያዘ የሚገኘው ቆራጩ ብቻ ነው። «የተሸጠ በግ ይመለሳል፤ የተቆረጠ ዛፍ በምን ይመለሳል?» ይላል ወንድሜ። 

እኔ ሰንሰለት ሞራጅ ነኝ። ከእንጨት መሰንጠቂያው ፊት ለፊት፣ በጎማ ጠጋኙና በልብስ ሰፊው መሃል ያለችው ጠባብ ክፍል የእኔ ናት። የመጋዙን ሰንሰለት በሞርሳ አስሬ ጥርሱን አንድ በአንድ በክብ ሞረድ እስላለሁ። አባታችን በእጅ መጋዝ ጣውላ የሚሰነጥቅ ሰው ነበር። ወንድሜን መቁረጥ አስተማረው፣ እኔን መሞረድ። ለምን እንዲህ እንደከፈለን ስጠይቀው «እሱ ትዕግሥት አለው፣ አንቺ ንዴት አለሽ፤ ሞረድ ንዴት ይወዳል» አለኝ። ተናድጄ የሳልኩት ሰንሰለት ቶሎ አይደንዝም ይላሉ ቆራጮቹ፤ ሆን ብለው የሚያናድዱኝም አሉ። በዚህች ክፍል ስቀመጥ ማን ምን እንደቆረጠ ሳልወጣ አውቃለሁ። አሸዋ የነካ ሰንሰለት ጥርሱ ዶልዱሞ ይመጣል፣ ድንጋይ ያገኘው አንድ ጎኑ ይበላል፣ ብረት ያገኘው ደግሞ ጥርሱ ረግፎ ነው የሚመጣው። ባለቤቱ «ምንም አልነካም» ብሎ ቢምልም ሰንሰለቱ ያሳብቅበታል።

ነገሩ የጀመረው የወንድሜ ሞተር ሲያረጅ ነው። ፒስተኑ ተበልቶ ጠዋት ጠዋት እንደ ሕመምተኛ ተለምኖ ነበር የሚነሳው። መካኒኩ ፈትቶ ገጥሞ፣ ፈትቶ ገጥሞ ሲሰለቸው «ከእንግዲህ ይህን ወደ እኔ አታምጣው፣ ሙዚየም ውሰደው» ብሎታል። ሞተር የሌለው ቆራጭ ግንድ ተሸካሚ ነው የሚሆነው። የወንድሜ ወገብ ደግሞ እንኳን ግንድ ሊሸከም፣ ጫማውን ለማሰር ሲያጎነብስም ያቃስታል። የቀረው ነገር ስሙ ነበር። «ልጠይቅ የቆረጠው ዛፍ ነገር የለበትም» ይባላል። በየሰፈሩ መጋዝ ሞልቶ ሳለ፣ ሰዎች ያንን የሚያጓራ አሮጌ ሞተር ታግሠው እሱን የሚያስጠሩት በዚህ ምክንያት ነበር።

ደላላው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ወንድሜን እኔ በር ላይ ሲያገኘው እንደ ጠፋ ዘመዱ አቅፎ ሳመው። ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። በብብቱ ስር ካርቶን ይዟል፤ ካርቶኑ ውስጥ አዲስ የሞተር መጋዝ፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተላጠ። አብሮት አንድ ለስላሳ ጎልማሳ ነበር፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሲያወሩት መሬት መሬት የሚያይ። የእሱ ነገር እንዲህ ነበር፤ እናቱ ቤት ጓሮ አባቱ የተከላቸው አምስት ዛፎች አሉ፤ አራቱ ቀጥ ያሉ፣ አንዱ ጠማማ። ለደላላው ሸጧቸዋል። ወንድሜ ጥሎ በልክ በልክ ከቆራረጠላቸው ያ ሞተር የእሱ ነው። ደላላው ካርቶኑን እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «በሱ ቁረጥበት፤ አሮጌውን አታስለቅሰው» ብሎ ሄደ።

«ጋሼ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አልኩት። ነገሩ ከመጀመሪያው እንጨት እንጨት ብሎኛል። አምስት ዛፍ ለመጣል አዲስ ሞተር የሚሰጥ ደላላ የት ሀገር ነው ያለው? ያንን ሥራ ለግማሹ እየተሻሙ የሚሠሩ ቆራጮች መሰንጠቂያው በር ላይ ተኮልኩለዋል። ወንድሜ ግን ላስቲኩን በጥፍሩ እየላጠ «እጠይቃለሁ አልኩሽ» አለኝ። ዓይኑን ከሞተሩ አላነሳም።

ጠየቀም፤ ይህን ማንም አይክደው። በነጋታው ጎልማሳውን አስከትሎ አዋሳኞቹን ሁሉ ዞረ። በቀኝ ያሉት ጡረተኛ «የነሱ ነው፣ አባቱ ሲተክላቸው ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አሉት። በግራ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ የነሱ ነው አለች። ከኋላ ያለው ጎረቤት ከነአጥሩ የነሱ መሆኑን መሰከረ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። የቤቱ እመቤት ዓይናቸውን ታመው ሌላ ሰፈር ሴት ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ሰንብተዋል፤ ጎረቤቶቹ ለሕክምናቸው ሸጠው ይሆናል ብለው ገመቱ እንጂ ሌላ ነገር አላሰቡም። እመቤቲቱ ራሳቸው ያውቁ እንደሆነ የጠየቃቸውም አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የእኔ ወንድም አጥሩን ሦስት ማዕዘን ዞሮ አከበረና ባለቤቷን ረሳ። ይህ ከእሱ በቀር ሌላ ቆራጭ ሊሠራው የማይችል ስህተት ነው፤ ሌላው መጀመሪያውኑ አይጠይቅማ።

አንድ ሌላ ጥያቄም አለው። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የዛፉን ባለቤት «ብረት ያለበት የትኛው ነው?» ይላል። ጓሮ ውስጥ ያደገ ዛፍ ብረት ይበላል። ሰው ሚስማር ይመታበታል፣ ሽቦ ያስርበታል፣ ኩራዝ ይሰቅልበታል። ዛፉ እየወፈረ ሲሄድ ልጡ ብረቱን ቀስ ብሎ ይውጠውና ከውጭ ምንም አይታይም። መጋዙ ሲደርስበት ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ አንዳንዴም ተወርውሮ ቆራጩን ይመታል። ስለዚህ ወንድሜ ጎልማሳውን ይህንኑ ጠየቀው። ጎልማሳው «ንጹሕ እንጨት ነው፣ ምንም የለበትም» አለ። እዚህ ላይ ነበር ካርቶኑን ተሸክሞ መመለስ የነበረበት። ጓሮ ውስጥ አድጎ ብረት ያልበላ ዛፍ እኔ አላየሁም፣ እሱም አላየም። ግን አዲሱ ሞተር በአንድ ስበት ተነስቶ እጁ ላይ እያንጎራጎረ ነበር፤ የእሱ እጅ ደግሞ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከሰማ ዘመን ሆኖታል።

የመጀመሪያውን ዛፍ ጣለው። ሽብልቁን አስገብቶ፣ አጥርም ጣሪያም ሳይነካ፣ ባዶ ቦታው ላይ አጋደመው። ይህን ይችልበታል። ከዚያ ግንዱን በልክ ሲቆራርጥ፣ ዛፉ ቆሞ ሳለ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ቦታ ላይ ሲደርስ ሰንሰለቱ ጮኸና ተበጠሰ።

ከሰዓት በኋላ በሬን ሲያጨልምብኝ ፊቱን አይቼ ሞረዴን አስቀመጥኩ። የተበጠሰውን ሰንሰለት ሞርሳው አጠገብ አኖረው። ከእሱም ጎን አንድ የዛገ ብረት አስቀመጠ። ሚስማር አልነበረም። ጫፉ ታጥፎ ቀለበት የሆነ፣ አውራ ጣት የሚያክል ብረት ነበር፤ ቀለበቱ ውስጥ የናይሎን ገመድ ቁራጭ ከእንጨቱ ጋር ተጋግሮ ቀርቷል።

«የልብስ ማስጫ ገመድ ማሰሪያ ነው» አልኩት።

«አዎ» አለ። ጎልማሳውን ማን እንደመታው ጠይቆት ኖሯል። አላውቅም፣ እናቴ ትሆናለች አለው። እናትህ እያወቁ ነው ወይ የምትሸጠው ሲለው ደግሞ ደላላው መሃል ገብቶ፣ ሰንሰለት ቀይርና ሥራህን ጨርስ፣ ዛሬ መኪና ይመጣል ብሎ ጮኸበት። ወንድሜ ሰንሰለቱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሞተሩን ይዞት ነው የመጣው፤ ጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን አድርጎ ይዞት ትንሽ ተቀመጠ። «ልጅየዋ፣ እናቱ ልብስ የሚያሰጡበትን ዛፍ የማያሰጣበት ሰው ነው የሸጠው» አለኝ። እህቱ ሳለሁ «ልጅየዋ» የሚለኝ ሲከፋው ነው።

የእመቤቲቱን ሴት ልጅ ቤት አጠያይቀን በማግስቱ ሄድን። እኔ የሄድኩት ብቻውን የመጣ የማያውቁት ወንድ በር ሲያንኳኳ ሰው ስለሚፈራ ነው፤ ደግሞም ዝም ብሎ እንዳይመለስ። ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበረች በሩን ራሳቸው ከፈቱልን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፣ በሌላው ደግሞ ጎሪጥ አድርገው ያዩናል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እኛን ሶፋው ላይ አስቀመጡን።

ወንድሜ ዛፎቹን ሸጠዋል ወይ ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ልጁን እንደ መክሰስ ሆኖ ታየው መሰለኝ። የጠየቀው ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ነው።

«እማማ፣ እኔ እንጨት ቆራጭ ነኝ። ጓሮዎ ካሉት ዛፎች ብረት ያለበት የትኛው ነው?»

ደስ አላቸው። የሚያውቁትን ነገር የጠየቃቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል መሰለኝ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አመቻችተው ቆጠሩለት። «ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያው የልብስ ገመዴ ማሰሪያ አለበት። ባለቤቴ ነው የመታው፤ እኔ እማልደርስበት ከፍታ ላይ መትቶት በዚያ ስንጣላ ከረምን። ሁለተኛው ላይ ሬዲዮ የገዛ ጊዜ ሽቦ ጠምጥሞበታል፤ አሁን ውጦታል፣ አታየውም። ሦስተኛውና አራተኛው መሃል የወንዱ ልጄ ዥዋዥዌ ነበር። ሁለቱም ላይ ቀለበት ብረት አለ፤ ዝቅ ብሎ ነው፣ እዚህ ጋ።» ወገባቸውን በመዳፋቸው ነኩ። «እግሩ መሬት ካልነካ ያለቅስ ነበር፤ ፈሪ ነበር። አምስተኛው ጠማማው ነው። እሱ ላይ ምንም የለም፤ ማንም ምንም አልሰቀለበትም፣ ምስኪን።»

ፈገግ ብለው ነበር ይህን የጨረሱት። ከዚያ በደህናው ዓይናቸው ወንድሜን አዩት። «ለምን ጠየቅኸኝ?»

ወንድሜ ባርኔጣውን እጁ ላይ አሽከረከረ። «የመጀመሪያውን ጥዬዋለሁ» አለ።

ማን ሸጠልህ አሉት፤ እሱ ዝም አለ። እኔ መቼም ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም፣ «ልጅዎ ነዋ፤ አምስቱንም» አልኩ። አሮጊቷ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። የአልጋውን ልብስ ጫፍ ደጋግመው አስተካከሉ። «ልብሴን እንግዲህ የት ላሰጣው ነው?» አሉ። አንጀቴን በሉት። ከዚያ ግን ያሉት ነገር ያንኑ የበሉትን አንጀቴን መልሶ አቃጠለው።

«አንድ ነገር ልለምንህ ልጄ። ሰው ሲጠይቅህ፣ ጠማማውን ቁረጥልኝ ብለውኝ ተሳስቼ ቀጥ ያለውን ጣልኩ በል። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ልጄ እናቱን ሰረቀ ከሚባል ያንተ እጅ ተሳሳተ ቢባል ይሻላል። አንተን ይረሱልሃል። እሱን ግን አይረሱለትም፤ በዚያ ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ገና ሚስት አላገባም።»

 ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ የእሱ ስም ስም ነው፣ የእኔ ወንድም ስም ግን ሰጋቱራ ነው ወይ አልኳቸው። ይህ ሰው ከስሙ በቀር ምንም እንደሌለው፣ ሞተሩ እንኳ እንደሞተ ነገርኳቸው። አሮጊቷ ሁሉንም ሰሙኝ። «እውነትሽን ነው» አሉ፤ ልመናቸውን ግን አላነሱም። ወንድሜ እግሬን በጫማው ረገጠኝ። በዕድሜው ሁሉ «እስቲ ልጠይቅ» ሲል የኖረው ሰውዬ አንድም ነገር ሳይጠይቅ «እሺ፣ እማማ» አለ።

መንገድ ላይ አላናገርኩትም። ሰፈራችን ስንደርስ ግን ፈነዳሁ። ሌባውና ደላላው ንጹሕ ሆነው አንተ ዕውር ቆራጭ ልትባል ነው አልኩት። «ዛፉን የጣለው የማን እጅ ነው?» አለኝ። «ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቅሁ፣ እሳቸውን አልጠየቅሁም። ለምን እንዳልጠየቅሁም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ሆድ ይፍጀው።» ከዚያ ወዲያ ቢነቀንቁት አይናገርም። ዝም አይነቅዝም ለሚሉት ተረት የተፈጠረ ሰው ነው።

ሞተሩን ለደላላው መለሰለት። ደላላው ዓይኑን በጨው አጥቦ የተበጠሰውን ሰንሰለት ተካልኝ አለ። ከእኔ መደርደሪያ አዲስ አውጥቼ ገጠምኩለት፤ ካርቶኑን አሽጎ ሲወጣ ገባኝ። ያ ሞተር የአምስት ዛፍ መጣያ ዋጋ አልነበረም። «ልጠይቅ» እየዞረ ከጠየቀ፣ «ልጠይቅ» ከቆረጠ፣ ጎረቤት ሁሉ ነገሩ ንጹሕ ነው ብሎ ቤቱ ይገባል። ሊገዛ የመጣው ስሙን ነበር። የቀሩትን ዛፎች በሌላ ቆራጭ ለማስቆረጥም አልደፈረም፤ አሮጊቷ በማግስቱ ፋሻቸውን እንዳሰሩ ቤታቸው ተመልሰዋል። ልጁና ደላላው ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈለግሁ።

ወሬው ግን በሳምንቱ መሰንጠቂያው በር ላይ ደረሰ። ደላላው ራሱ ነው ያጣፈጠው። «ልጠይቅ ጠማማና ቀጥ ያለ አይለይም።» ጫኞቹ አጣና ያነሱና «ጋሼ፣ እስቲ ልጠይቅህ፣ ይሄ ጠማማ ነው?» ይሉታል። አናጢው በውኃ ልክ ሊያስለካው ሞከረ። ወንድሜ አብሯቸው ይስቃል። መሳቁን ልቋቋመው አልቻልኩም ነበር። እየቆየ ደግሞ ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ጣሪያቸው ላይ የተንጋደደ ዛፍ ያስቆርጡት የነበሩ የቤት ባለቤቶች ሌላ መጥራት ጀመሩ። ቆራጭ ጠይቆ ጠይቆ የተሳሳተውን ከጣለ፣ መጠየቁ ምን ይረባል? ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን አላስቆርጠውም ነበር። አሮጌውን ሞተር እየለመነ ለዳቦ ቤቱ ማገዶ ሲቆራርጥ ከረመ። ማታ ማታ ወገቡን በሞቀ ጨርቅ አስሬለት፣ እኔ ስነጫነጭ እሱ ያንቀላፋል።

አፌን ለመያዝ ምን ያህል እንደታገልኩ ሞረዶቼ ይመስክሩ። በዚያ ዘመን የሳልኳቸው ሰንሰለቶች ዝናቸው እስካሁን አለ። አንድ ሰው በሬ ላይ ቆሞ ስለ ጠማማው ሲያሾፍ፣ እውነቱ ጥርሴ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። አሮጊቷ ከወደቀው ዛፍ አግዳሚ ወንበር አሠርተው ላኩልኝ፤ ደንበኞቼ ይቀመጡበታል፣ እኔ ግን እልህ ይዞኝ አልተቀመጥኩበትም። አንዳንዴ ወደ ገበያ ሲያልፉ በሬ ላይ ቆም ይላሉ። «ደኅና ነው?» ይሉኛል። «ደኅና ነው» እላለሁ። ሌላ አንባባልም። የልብስ ገመዳቸውን ሁለተኛው ዛፍ ላይ አስረው እንደሚያሰጡ ዳቦ ጋጋሪዋ ነግራኛለች።

ሞቱ። ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ሲል፣ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ነው አሉ። ቀብሩ ላይ ወንድሜ ከኋላ ቆሞ ነበር። ልጁ አየው፤ ዓይኑን መለሰ።

ወራት አልፎ ያ ልጅ ክፍሌ በር ላይ መጣ። ጫማው አያብረቀርቅም፤ ከስቷል። ቤቱን ከእህቱ ጋር ሊካፈሉ ነው፣ ጓሮው ላይ እሷ ክፍል ልትሠራ ስለሆነ ዛፎቹ መነሳት አለባቸው። ወንድሜን ነው የሚፈልገው። ቆራጭ በየመንገዱ ሞልቶ የለ ወይ አልኩት፤ ሞረዴን ከሰንሰለቱ ላይ አላነሳሁም። «እናቴ ከሱ በቀር ማንም እንዳይነካቸው ብላለች» አለ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ እህቱ ማወቋን፣ ዛፎቹ አሁን የሁለቱም መሆናቸውን፣ ወንድሜ ራሱ ሄዶ ሊጠይቃት እንደሚችል ነገረኝ። ወንድሜም ሄዶ ጠየቃት። እንኳን እሷን፣ የሚችል ቢሆን መቃብር ድረስ ወርዶ ይጠይቅ ነበር።

በቀጠሮው ቀን እኔም መለዋወጫ ሰንሰለት ይዤ ተከተልኩት። ብረት የበሉ ዛፎች ናቸው፤ አንድ ሰንሰለት አይበቃም። ወንድሜ አሮጌውን ሞተር መሬት ላይ አስቀምጦ እንደ ልማዱ «እስቲ ልጠይቅ» አለ። ጡረተኛው በሸበጥ ወጡ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን እየጠረገች መጣች፣ ከኋላ ያለው ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ዛፉ የማን ነው፣ ድንበሩ የት ነው፣ የሚከራከር አለ ወይ። ጡረተኛው ሳቅ እያፈናቸው «ኧረ የነሱ ነው። ዘንድሮስ ጠማማውን ለይተኸዋል?» አሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቀች። የአጥሩም ሳቀ። ወንድሜም ሳቅ አለ። እኔ ሰንሰለቱን ጨብጬ መሬት መሬት አየሁ።

ልጁ ከሁለተኛው ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር፤ የእናቱ የልብስ ገመድ አሁንም እዚያ ታስሯል።

«ያኔ አልተሳሳተም» አለ።

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ጡረተኛው ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን ቀረብ አደረጉ። ልጁ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አልተሳሳተም። አምስቱንም የሸጥኳቸው እኔ ነኝ፣ እናቴ ሳታውቅ፣ ዓይኗን ታማ ተኝታ ሳለች። ጠማማ ቀጥ ያለ የሚባል ነገር አልነበረም። ለእኔ ብላ ነው እንደዚያ በል ያለችው። እሱ ደግሞ ለሷ ብሎ ነው ዝም ያለው።»

 ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን እንደገና ጠረገች። ጡረተኛው ሸበጣቸውን አዩ፣ ወንድሜን አዩ፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። እኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ጥርሴ ጫፍ ላይ የኖረውን ነገር ሌላ ሰው ሲያወጣው ሳይ የመጀመሪያው ዛፍ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ የሰማ አይመስልም ነበር። ጥያቄው ገና አላለቀማ።

«ብረት ያለበት የትኛው ነው?» አለው ልጁን።

ልጁ ዛፎቹን ዞሮ አየ። «አላውቅም» አለ።

ወንድሜ ወደ ሁለተኛው ዛፍ ሄዶ መዳፉን ልጡ ላይ አሳረፈ። እዚህ የአባትህ የሬዲዮ ሽቦ አለ አለው፤ ውጦታል፣ አይታይም። ጠማማውን በሩቁ በአገጩ አሳየው፣ እሱ ነጻ ነው። ከዚያ ሦስተኛው ጋ ደርሶ፣ ወገቡ አካባቢ ያለችውን ትንሽ የልጥ እብጠት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይሄና ያኛው ላይ ያንተ ዥዋዥዌ ብረት አለ።»

«ዥዋዥዌ ነበረኝ እንዴ?» አለ ልጁ።

«እግርህ መሬት ካልነካ ታለቅስ ነበር አሉኝ፤ ለዚያ ነው ዝቅ ብሎ የተመታው።»

ልጁ መጥቶ እብጠቷን በጣቱ ነካት። ብዙ ቆየ። ወንድሜ አላጣደፈውም፤ መነጽሩን አደረገ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ የሞተሩን ቤንዚን አየ።

«ሁለቱን ከብረቱ በላይ ነው የምቆርጣቸው» አለው። «ጉቶው ይረዝማል። ለወገቤም ይሻላል፣ አያጎነብሰኝም።»

«ይርዘም» አለ ልጁ።

ወንድሜ ገመዱን ሳበ። አሮጌው ሞተር እንደ ልማዱ ተለምኖ፣ ተለምኖ ተነሳ።